በአማት ቤት ማንኮራፋት

እንቅልፍ የባለጌ ሥራ ነው። አትቀየሙኝ፤ ሁላችሁም እንደምትተኙ አውቃለሁ። እኔም እተኛለሁ፤ ችግሩ እሱ ነው። ሰው ዕድሜ ልኩን ለታላቁ እየተነሳ፣ አፉን ገጥሞ እያላመጠ፣ ሲያዛጋ በእጁ እየሸፈነ ስሙን ሲገነባ ይኖራል። ከዚያ አንድ ቀን ሰው ፊት ይተኛና፣ አፉን ከፍቶ፣ እግሩን አንፈራጦ፣ የገነባውን ሁሉ ያፈርሰዋል። ሲነቃ ደግሞ ምንም እንዳልተፈጠረ "እንዴት አደራችሁ?" ይላል። እንዴት እንዳደሩ እኮ አይነግሩትም…

እኔ ሥራዬ ሹፌርነት ነው። ከወልዲያ መርሳ፣ ከመርሳ ወልዲያ። ይቺንም ወግ የምጽፍላችሁ መናኸሪያ ውስጥ ተራ ስጠብቅ፣ ወረቀቱን መሪው ላይ አስደግፌ ነው። ስለዚህ አንዳንድ ቦታ ነገሩ ድንገት ከተቆረጠባችሁ ተሳፋሪ ሞልቶ ነው፤ በኔ አትፍረዱ።

በእንቅልፍ በኩል ሁለት ጉድ አለብኝ። አንደኛው ገና ሸለብ ሲያደርገኝ የሚመጣ ነው። ዓይኔ ተከድኖ ሰውነቴ ላላ ሲል ከፊቴ የሆነ ነገር ጥልቅ ይላል… አንዴ አህያ፣ አንዴ ባጃጅ፣ አንዴ ሲሪንቃ ጋ መንገድ ዳር ቲማቲም የምትሸጠው ሴትዮ ከነዘንቢሏ። ያኔ ቀኝ እግሬ ባለ በሌለ ኃይሉ ፍሬን ይረግጣል። አልጋ ላይ ፍሬን የለም። ያለው ወይ ግድግዳ ነው፣ ወይ ባለቤቴ ብርቄ ናት።

ሁለተኛው ከዚህ ይብሳል። እንቅልፉ ሲጠናብኝ አንኮራፋለሁ። ማንኮራፋቱስ ደህና፣ ስንቱ ያንኮራፋል። እኔ ግን መሐል ላይ ቀጥ እላለሁ። ትንፋሽ የለ፣ ድምፅ የለ። ብርቄ እንደምትለው ከሆነ፣ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ጎረቤት ለመጥራት እስኪቃጣት ድረስ ነው ዝም የምለው። ከዚያ ጎኔን በክርኗ ትገፋኛለች፤ እኔም ባትሪው እንደደከመ መኪና እያሳለኝ እነሳለሁ። "የኔ ባል ተገፍቶ ነው የሚነሳው" እያለች ለሴቶቹ ታወራለች።

አሁን ወደ አማቴ ልምጣ። እማማ የሺ ከግራና ከተማ በላይ ባለች መንደር ይኖራሉ። እኛ አገር አማችና አማት ይፈራራሉ። ይፈራራሉ ስል ይጣላሉ ማለቴ አይደለም፤ ይከባበራሉ፣ ከመከባበሩ ብዛት አይተያዩም። እኔ ስገባ እሳቸው ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ያደርጋሉ፤ እሳቸው ሲገቡ እኔ ብድግ እላለሁ። አንቱ ይሉኛል፣ አንቱ እላቸዋለሁ። ከተጋባን ስንት ዘመናችን፣ እጃቸውን ነክቼ አላውቅም፤ ሰላምታችን ጎንበስ ብለን ከሩቁ ነው። እሳቸው ፊት ጠግቤ በልቼም አላውቅም። እየራበኝ "ጠገብኩ" እላለሁ፤ እሳቸውም መራቤን እያወቁ "ኧረ በማርያም፣ ትንሽ እንኳ ይብሉ" ይላሉ፤ እኔ እምቢ እላለሁ፤ ከዚያ መርሳ ወርጄ ምግብ ቤት እገባለሁ።

እሳቸው ቤት ማደርማ ጭራሽ አይታሰብም። ፋሲካም ይሁን ጥምቀት፣ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ "ነገ ተራ አለኝ" ብዬ እነሳለሁ። እማማ የሺ ለጎረቤት "አማቼ ሥራ ወዳድ ናቸው" ይላሉ አሉ። ሥራ ወዳድ አልነበርኩም፤ እንቅልፌን መደበቄ ነበር።

ከዚያ ጦርነቱ ወልዲያ ደረሰ። ያን ክረምት መድፉ ከከተማዋ አናት ላይ ሲያጓራ ሰው ሁሉ ያገኘውን ይዞ ወጣ። እኔ ሚኒባሴን መርሳ ወዳጄ ግቢ አስገብቼ፣ ጎማዎቿን አውልቄ ገለባ ውስጥ ቀበርኩ፤ ባትሪዋን ግን ለማንም አላምንም ብዬ ተሸከምኩ። ብርቄ ልጆቹን ያዘች። እንዲህ ሆነን፣ አድሬበት በማላውቀው ቤት ደጃፍ ባትሪ በትከሻዬ ይዤ ቆምኩ።

እማማ የሺ ወጡ። ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉና ግድግዳውን እያዩ አነጋገሩኝ።

"እንኳን በደህና መጡ። የተሸከሙት ምንድን ነው?"

"ባትሪ ነው፣ እማማ።"

"መብራት ይሰጣል?"

"አምፖል ቢኖር ይሰጥ ነበር።"

"ይሁን፣ ይግቡ" አሉኝ።

ቤቱ አንድ ክፍል ነው። በአንድ በኩል የሳቸው መደብ፣ በሌላው በኩል እኛ፤ መሐሉ ላይ ጋቢ ተሰቀለ። ከእግሬ ሥር ጥጃ ታስሯል። የተሰጠን ቦታ የብርቄ ታናሽ ወንድም፣ ሞላ፣ ይተኛበት የነበረው ነው። ሞላ ዘምቷል። ከሄደ ወዲህ ወሬው የለም፤ ስልኩ ተቋርጧል፣ መንገዱ ተዘግቷል። እዚያ ቤት ውስጥ ስሙን ጮክ ብሎ የሚያነሳ ሰው አልነበረም።

ሰው ሁሉ መድፉን ሲፈራ እኔ አፍንጫዬን ፈራሁ። ልዋሽ እንዴ… መድፉንም ፈርቻለሁ። ግን መድፉ ራቅ ይላል፣ አፍንጫዬ እዚሁ ነው።

የመጀመሪያው ዕለት እራት በልተን ጋደም ስንል ለብርቄ በሹክሹክታ "ዛሬ አልተኛም" አልኳት።

"ነገስ?"

"ነገም አልተኛም።"

"ጦርነቱ ቢረዝምስ?"

ይሄን አላሰብኩበትም። እያሰብኩበት ሳለ ሸለብ አደረገኝ። ወዲያው አህያ ገባችብኝ፤ ረገጥኩ። ጥጃው እምቧ ብሎ ተነሳ።

"ብርቄ፣ ጥጃው ምን ሆነ?" አለ ድምፅ ከጋቢው ማዶ።

"ሕልም አይቶ ነው፣ እማዬ።"

"ጥጃ ሕልም ያያል?"

"ዘመኑን እያየሽው።"

"እሱስ እውነት ነው" አሉ እማማ የሺ።

በማግስቱ ዘዴ ፈጠርኩ። ሁሉም ጋደም ሲል እኔ ጋቢዬን ተከናንቤ በሩ ላይ እቀመጣለሁ። ቀን ደግሞ ጓሮ ካለው ማሽላ ውስጥ ገብቼ እተኛለሁ፤ ማሽላ አማት አይደለም። ሰንበት ሳይል ጎረቤታችን ሼህ ሙሄ መጥተው ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ።

"አላህ ይስጥህ ደምሴ። አንተ በር ላይ ሆነህ ስትጠብቅ ወላሂ እኛም እንቅልፍ ወሰደን" አሉኝ።

ምን ልበል? "ኧረ ምንም አይደል" አልኩ። እንግዲህ መንደሩ በሙሉ እኔን ተማምኖ ተኛ። እኔ ጠብመንጃ ቀርቶ ዱላ አልያዝኩም፤ የምጠብቀውም የራሴን ጉሮሮ ነበር።

ማሽላው ግን ብዙ አላቆየኝም። አንድ ቀን ከእንቅልፌ ያነቃኝ ጀርባዬ ላይ ያረፈ ድንጋይ ነው። ብድግ ስል የመንደሩ ሴቶች ወንጭፍ ይዘው ቆመዋል። ከርከሮ ገብቶ ማሽላውን እየፈጀው መስሏቸው ነው አሉ፤ ድምፁን ከታች ወንዙ ድረስ ሰምተውታል። "እኔም ከርከሮውን ልይ ብዬ ነው የገባሁት" አልኳቸው። የማሽላው ቅጠል ፀጉሬ ላይ ነበር። ከዚያ ወዲያ ማሽላው ውስጥ መተኛት በሕይወት መጫወት ስለሆነ ተውኩት።

እንግዲህ በሩ ላይ ቁጭ ብዬ ማንቀላፋት፣ ማንቀላፋቱ ሲበዛ ቤት ገብቶ መጋደም፣ ሲጋደሙ አህያ፣ ከአህያዋ በኋላ ዝምታ፣ ከዝምታው በኋላ ክርን… እንዲህ ሆነን ሰነበትን። ብርቄ ክርኗ ዛለ። ያሳሰቡኝ ግን እማማ የሺ ናቸው። ፊታቸው ገርጥቷል፣ ዓይናቸው ቀልቷል። በማንኛውም ሰዓት ብነቃ ከጋቢው ማዶ ሲገላበጡ እሰማቸዋለሁ። እኒህ ትልቅ ሴት በገዛ ቤታቸው፣ በኔ አፍንጫ ምክንያት፣ እንቅልፍ አጡ። ተነስ እንዳይሉኝ አማች ነኝ። ዝም በል እንዳይሉኝ ደግሞ ማንኮራፋቴን ሰማሁ ማለት ይሆናል፤ ያን ማለት ነውር ነው።

"እሄዳለሁ" አልኳት ለብርቄ።

"የት?"

"መርሳ። ሚኒባሷ ውስጥ እተኛለሁ።"

"ጎማ የላትም።"

"ለመተኛት ጎማ አያስፈልግም።"

"ደምሴ፣ መንገድ ላይ ወንድ እየያዙ ነው። የሄደውም አልተመለሰም።"

"ታዲያ እናትሽን ልግደል?"

አለቀሰች። ግን ይሉኝታ ያዘኝ። ሰው ይሉኝታ ይዞት ጥይት ወዳለበት ይሄዳል ቢሉኝ ድሮ አላምንም ነበር። በማግስቱ ገና ሳይነጋ ልወርድ ወስኜ ባትሪዬን በገመድ አሰርኩ። ባትሪውን ለምን እንደምመልሰው አልጠየቀችኝም፣ እኔም አላውቅም።

በዚያው ቀን እኩለ ቀን ላይ ብርቄ ልጆቹን ይዛ ውኃ ልትቀዳ ወረደች። እኔ መደቡ ላይ ተቀምጫለሁ፤ እማማ የሺ በሩ አጠገብ እህል ያበጥራሉ። ሙቀቱ፣ የሰፌዱ ድምፅ… ግድግዳውን ደገፍ አልኩ። ከዚህ በኋላ ያለውን የነገሩኝ እሳቸው ናቸው፤ እኔ አልነበርኩም።

አንኮራፋሁ። ከዚያ ቀጥ አልኩ። እማማ የሺ ሰፌዱን አስቀመጡ። ብርቄ የለችም፣ ክርን የለም። እሳቸው ደግሞ እንኳን ጎኔን፣ የጋቢዬን ጫፍ መንካት አይሆንላቸውም። መጀመሪያ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ምንም የለም። ከዚያ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው፣ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው መልሰው፦

"አቶ ደምሴ፣ ይተንፍሱ እንጂ" አሉ።

አልተነፈስኩም።

"ኧረ በማርያም፣ ትንሽ እንኳ ይተንፍሱ።"

ልክ ለምግብ እንደሚለምኑኝ ነው። እኔም እንደ ምግቡ ሆንኩባቸው፤ ጠገብኩ ያልኩ ይመስል ዝም። ሌላ ሰው ቢሆን ይጮህ ነበር። እማማ የሺ ሄደው ጥጃውን ፈቱ። እየጎተቱ አመጡና አንገቱን ይዘው ወደኔ ገፉት።

ዓይኔን ስገልጥ ከፊቴ ያለው ሰፊ፣ እርጥብ አፍንጫ ነው። ጥጃው ግንባሬን ይልሳል። ያን ያህል ጊዜ የረገጥኩት ጥጃ ቂም አለመያዙን ሳይ አፈርኩ። እማማ የሺ ገመዱን እንደያዙ ጣሪያ ጣሪያውን ያያሉ።

"ጥጃው ነው የቀሰቀስዎት" አሉ።

"አየሁት" አልኩ።

ዞር ሲሉ ባትሪውን አዩት። "ምነው አሰሩት?"

"ነገ ልወርድ ነው፣ እማማ። መርሳ።"

"ምን አጎደልንብዎ?"

"ኧረ ምንም። እርስዎ ግን በኔ ምክንያት እንቅልፍ አጡ።"

ቁጭ አሉ። ነጠላው ከአፋቸው ወረደ፣ አልመለሱትም። ሙሉ ፊታቸውን ያየሁት ያን ቀን ነው፤ የብርቄ አገጭ ለካ ከሳቸው ነው የመጣው።

"እንቅልፌማ ሞላ የሄደ ቀን ነው አብሮት የሄደ" አሉ። "አንቱ ሳይመጡ ዝምታውን ነበር ሳዳምጥ የማድር። አሁን አንቱ ሲያንኮራፉ፣ ቤቴ ወንድ ልጅ አለበት እላለሁ። ዝም ሲሉብኝ ግን… የልጄን ትንፋሽ የት ሄጄ ልስማው? ያንቱን ግን እዚሁ ሆኜ እሰማዋለሁ። ሲቆም፣ 'እመ ብርሃን፣ መልሺው' እላለሁ። ሲመለስ የሱም እዚያ ባለበት ተመለሰ ብዬ አምናለሁ። እስከዛሬ ሳይመለስ የቀረ የለም። እንግዲህ አንቱ ቢሄዱ እኔ በምን አውቃለሁ?"

ተነስቼ ባትሪውን ፈታሁት።

"በር ላይ መቀመጡንም ይተዉት" አሉኝ ሰፌዳቸውን እያነሱ። "እዚያ ሲሆኑ አይሰማኝም።"

ከዚያች ቀን ጀምሮ መተኛት ሥራዬ ሆነ። እናንተዬ፣ ተኛ የተባለ ሰው እንቅልፍ ይወስደዋል? እራት ላይ "በደንብ ይብሉ፣ በባዶ ሆድ እንቅልፍ አይሆንም" ይሉኛል፤ አማቴ ፊት ጠግቤ የበላሁት በጦርነት ጊዜ ነው ብል ማን ያምነኛል። ሼህ ሙሄ በሩ ላይ ሲያጡኝ ጊዜ ግራ ገብቷቸው መጡ።

"ደምሴ፣ ምነው ጥበቃውን ተውከው?"

"ውስጥ ሥራ በዛብኝ" አልኳቸው።

ጋደም ስል ከጋቢው ማዶ ሳል ይሰማል፤ እማማ የሺ መዘጋጀታቸው ነው። አህያዋ አልቀረችም። ጥጃው ግን ለምዷል፤ እኔ ስጋደም ገመዱ እስከፈቀደለት ድረስ ራሱን ያርቃል። ከዚያ አንኮራፋለሁ፣ ከዚያ ቀጥ። ብርቄ የመጀመሪያው ዕለት እንደ ልማዷ በክርኗ ልትገፋኝ ስትል፣

"አትንኪያቸው" አሉ እማማ የሺ።

"እማዬ፣ ትንፋሽ የለውም እኮ።"

"ራሳቸው ይመለሱ። በክርን የተመለሰ አይቆጠርም።"

"ይሞትብኛል።"

"አይሞቱም። እሱም አይሞት።"

ብርቄ ክርኗን ሰበሰበች። እኔ ይሄን የሰማሁት ጠዋት ነው። አስቡት እስቲ፣ ሹፌር ስለሆንኩ የሰው ነፍስ ይዤ መሄድ ለምጃለሁ፤ ግን ነቅቼ ነው። ሳልተነፍስ ብቀር ለሁለት ሰው ነው የምቀረው። ብቻ አንድም ቀን ሳልመለስ አልቀረሁም። እንዴት እንደተመለስኩ አትጠይቁኝ፤ ተኝቼ ነበር።

ጊዜ አለፈና መንገዱ ተከፈተ። ጎማዎቼን ከገለባው አወጣሁ፣ ባትሪዋም ቦታዋ ገባች፣ ወልዲያ ተመለስን። ስልክ መጣ። የሰው ሁሉ ስልክ ጮኸ፤ የሞላ ዝም አለ። ወር በወር ላይ ተደረበ። አንዳንድ ሰው ለእማማ የሺ "እርምዎን ያውጡ" ማለት ጀምሮ ነበር። እሳቸው ግን "ቆይ፣ አማቼ ይምጡ" ይሉ ነበር አሉ።

እኔም ቅዳሜ ቅዳሜ ተራዬን ለጓደኛ እየሰጠሁ ግራና መውጣት ያዝኩ። ሰው አማቱን ስኳር ይዞ ይጠይቃል። እኔ አንኮራፍቼላቸው እመለሳለሁ። ጠዋት ስወጣ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው "ዛሬም ተመልሰዋል፣ ይመስገን" ይሉኛል። ማንን እንደሚያመሰግኑ እያወቅሁ "ምንም አይደል" እላለሁ።

ጥጃው ቀንድ አውጥቶ ወይፈን በሆነበት ሰሞን፣ አንድ ረፋድ መናኸሪያ ውስጥ ተራ ስጠብቅ፣ ጢሙ ያደገ ቀጭን ሰው በመስኮቱ ጎንበስ ብሎ አየኝ።

"ጋሼ ደምሴ፣ ግራና ትወጣለህ?"

ሞላ ነበር። እግሩ ትንሽ ያነክሳል። የት እንደነበረ፣ ምን እንዳየ፣ እሱ ሲፈልግ ይናገር፤ እኔ አልነግራችሁም። ለተሳፋሪው ምን እንዳልኩ አላስታውስም፣ ብቻ ብርቄን ከቤት አንስተን በረርን። በሹፌርነት ዘመኔ መኪና ሳይሞላ የወጣሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

እማማ የሺ አልጮሁም፣ እልልም አላሉም። የልጃቸውን ፊት በሁለት እጃቸው ይዘው አሸተቱት። ከዚያ መደቡ ላይ አጠገባቸው አስቀምጠው እጁን ያዙ፤ አልለቀቁትም። መንደሩ ተሰበሰበ። ሼህ ሙሄ "አልሐምዱሊላህ" እያሉ ገቡ። ምግብ ቀረበ፣ ጠላ ተቀዳ፣ ቤቱ በወሬ ሞቀ።

መሐል ላይ ከባድ የማንኮራፋት ድምፅ ተሰማ።

ሁሉም ሰው ዞሮ እኔን አየኝ። እኔ ነቅቻለሁ፤ እንደውም ጉርሻ በእጄ ይዣለሁ። እማማ የሺ ናቸው። ሞላ ትከሻ ላይ ዘንበል ብለው፣ ነጠላቸው ወርዶ፣ አፋቸው ተከፍቶ፣ በሰው መሐል፣ በጠራራ ፀሐይ ተኝተዋል። የኔ ማንኮራፋት በሳቸው ፊት ባጃጅ ነው፤ የሳቸው ተሳቢ የጎተተ መኪና ዳገት ሲወጣ ነው። ሞላ ትከሻው እንዳይነቃነቅ ብሎ እንደ ግንድ ደርቋል። ስንት ጊዜ የቀረ እንቅልፍ እኮ ነው። ሰዉ ቀስ እያለ ወሬውን ቀነሰ።

ከዚያ እማማ የሺ ቀጥ አሉ።

ትንፋሽ የለ፣ ድምፅ የለ። ሞላ ደንግጦ ሊነካቸው ሲል ብርቄ እጁን ያዘችው።

"አትንካት። ራሷ ትመለስ።"

"ምን ማለት ነው?"

"በኋላ እነግርሃለሁ።"

አሁንም የለም። ሼህ ሙሄ መቁጠሪያቸውን አቆሙ። ሰዉ አሁንም እኔን ያያል፤ እንግዲህ በዚህ ጉዳይ እኔ ነኝ አዋቂው። እኔ ደግሞ አማቴን መንካት አልችልም። ጥጃውን ልጥራ ብል ወይፈን ሆኗል፤ በበሩ አይገባም። ጉርሻዬን አስቀመጥኩ። ጋቢዬን አፌ ላይ አደረግሁ። ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩና ባለኝ ትሕትና ሁሉ፦

"እማማ፣ ይተንፍሱ እንጂ" አልኩ።

ዝም። ብርቄ እኔን እያየች ሳቋን አፍና ቀላች። ለካ እኔም ትንፋሼን ይዤ ኖሯል።

እማማ የሺ ዓይናቸውን ሳይገልጡ፣

"አንቱ ይቅደሙ" አሉኝ።